ድረ ገጹ ተመርቋል፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

«የተቋማችን አዲስ ድረ ገጽ በይፋ ተመረቀ» የሚል ዜና ስንት ጊዜ አንብባችኋል? ፎቶውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዳራሽ፣ የበራ ፕሮጀክተር፣ «ዘመኑን የዋጀ አገልግሎት» የሚሉ ኃላፊ፣ ጭብጨባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ድረ ገጽ ምን ላይ እንዳለ የሚነግረን ዜና ግን የለም። የምታውቁት አንድ መመሪያ ወይም የጨረታ ማስታወቂያ ፈልጋችሁ ስትገቡ ነው። አንዳንዴ «ይህ ግንኙነት ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይቀበላችኋል። አንዳንዴ 404 ይላችኋል። አንዳንዴ ይከፈትና የመጨረሻው ዜና የምረቃው ሳምንት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲብስ ደግሞ ስሙን ሌላ ሰው ወስዶት የቁማር ማስታወቂያ ይወጣበታል።

ይህን ስናይ «ሲስተም የለም» ብለን እንመለሳለን። አባባሉ ዝናብ ዘነበ እንደማለት ሆኗል፤ ተጠያቂ የለውም፣ ምክንያት አይጠየቅበትም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው እያንዳንዳቸው የታወቀ ምክንያት አላቸው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን መሥራት የነበረበትን የአሥር ደቂቃ ሥራ አልሠራም፤ ወይም ሠርቶት የሠራውን አልጻፈም።

ዛሬ መከራከር የምፈልገው ስለዚህ ትንሽ ሥራ ነው። ድረ ገጽ ከሠሪው ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው የሠራውን ከነምክንያቱ የሚመዘግብበት ደብተር ያስፈልገዋል። ደብተሩ ደግሞ የባለሙያው የግል ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ የተቋሙ ንብረት ሊሆን ይገባል። ጉዳዩ የቴክኒክ ሰዎች የቤት ሥራ ይመስላል እንጂ የሁላችንም ነው፤ በእነዚህ ገጾች ላይ ያለው ሕጉ፣ ዜናው፣ ማስታወቂያውና ታሪኩ የሕዝብ ነውና።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ።

የድረ ገጽ ስም፣ ዶሜይን የምንለው፣ ለዘለዓለም አይገዛም። ይከራያል። አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይታደሳል። ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨርም ሌላ ቦታ የሚገኝ የኪራይ ኮምፒውተር ነው። በስልካችሁ ላይ የምታዩትን የቁልፍ ምልክት የሚያመጣው ሰርተፍኬትም ቀነ ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጣል፤ በሰፊው የታወቀው ሰርተፍኬቱ ግን የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። እድሳቱ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ሰርቨር ሲቀየር ግን ያ ቅንብር አብሮ መሄዱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት ዎርድፕረስም ራሱን፣ ገጽታውንና ተቀጥላዎቹን በየጊዜው ማዘመን ይፈልጋል። ያልታደሰ ተቀጥላ ለሰርጎ ገብ እንደተከፈተ በር ነው።

ይህ ሁሉ ለትልቅ ኩባንያ ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ማይክሮሶፍት ሆትሜይል ይገለገልበት የነበረውን የፓስፖርት ዶት ኮም ስም ማደስ ረሳ። በገና ሰሞን ሰዎች ኢሜይላቸውን መክፈት ተቸገሩ። መፍትሔው የመጣው ከኩባንያው ውጭ ከነበረ አንድ ፕሮግራመር ነው፤ በራሱ ክሬዲት ካርድ 35 ዶላር ከፍሎ አደሰው። በዓለም ከታወቁት ባለጸጋ ኩባንያዎች አንዱ የተሰናከለው በ35 ዶላር ነው። ያልነበረው ገንዘቡ አይደለም። በቀኑ «ዛሬ ያልቃል» ብሎ የሚያስታውስ ሰውና መዝገብ ነው።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ጣጣ የውጭ ባለሙያ አይጽፍልንም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሎቹን በየራሳቸው አሠራር ያስቀምጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል፤ ሌላ አደጋ ግን አለ። ድረ ገጹ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር ጽሑፉ ለላቲን ፊደል ብቻ ወደተዘጋጀ ዳታቤዝ ከገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። «ሰላም» የነበረው «???» ሆኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የቅርጸ ፊደል ችግር ይመስለዋል። አይደለም፤ ፊደሉ ጠፍቶ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተጽፏል። ባክአፕ ከሌለ መመለሻ የለውም። «ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8 ነው፤ ሲዛወር ይህ ይጠበቅ» የምትል አንዲት መስመር ደብተሩ ላይ ብትኖር የዓመታት ጽሑፍ ታድን ነበር።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ ሦስተኛው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንድ ገጽ የፍለጋ ሳጥን «ዓለም» ብላችሁ ብትጽፉ «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ላታገኙት ትችላላችሁ። ብልህ ባለሙያ ሞክሼ ፊደሎችን እንደ አንድ የሚቆጥር ትንሽ ማስተካከያ ይጨምርበታል። ባለሙያው ይለቃል። ተተኪው ገጹን ሲያዘምን ያን ማስተካከያ ሳያውቅ ይደመስሰዋል። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ለምን እንደማያገኝ የሚያውቅ የለም፤ «ፋይሉ የለም» ተብሎ ይታመናል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶች እዚያው ተቀምጠው የሌሉ ይሆናሉ።

ፎቶን ውሰዱ። ከካሜራ ወጥቶ በቀጥታ የተጫነ የ5 ሜጋባይት ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ቢወርድ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። አንባቢው ግን 25 እጥፍ ያነሰ ዳታ ያወጣል። በፓኬጅ እየከፈለ ለሚያነብ ሕዝብ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። ባለሙያው በግማሽ ቀን ሊያስተካክለው ይችላል፤ ሥራውን የሚያይለት አለቃ ግን እምብዛም የለውም፤ ምክንያቱም ሪባን አይቆረጥበትም።

ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ፤ ወደ ደብተሩ።

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት የሚሠራ መሐንዲስ በሌሊት ችግር ሲፈታ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ሰርቨር ላይ የመሰረዝ ትእዛዝ ሰጠ። ወዲያው ነቅቶ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው ግን 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሄዱ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ሲከሽፍ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገሩት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎችም ተቀባይ ጋ አይደርሱም ነበር። አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበራቸው፤ በቅጡ የሚሠራ አንድም አልተገኘም። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ ቅጂ ነው።

ከታሪኩ የማደንቀው የቀጠለውን ነው። የጥገናውን ማስታወሻ ማንም እንዲያነበው በይፋ ከፈቱት፤ እየጠገኑም በቀጥታ ቪዲዮ አሳዩ። ከዚያም ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ ምን እንደሚለውጡ ደረጃ በደረጃ አሳተሙ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ባለሙያዎች «ባክአፕ አለን ማለት አይበቃም፤ መልሳችሁ ሞክሩት» ሲሉ ያንን ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። ጉዳታቸውን ስለጻፉት ለሌላው ትምህርት ሆነ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚወጣው መግለጫ ስንት መስመር ነው? መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ተናገረ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ እክል እንደሆነ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ወሬ በሙሉ ስለ ወሰዱት ሰዎች ሆነ። «ያን ምሽት ምን ተለወጠ? ከመለወጡ በፊት የት ተሞከረ?» ብሎ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው። ባንክና ድረ ገጽ አንድ አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ክፉኛ ሊሰበሩ የሚችሉት ማንም «ዜና» በማይለው በዘወትር ጥገና ሰዓት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ መመዝገብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እንዲያውም እንወደዋለን። ወንበር ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትገቡ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሲሪያል ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል። ሠራተኛ ሲለቅ ወረቀት ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ «ከዕዳ ነፃ» ያስፈርማል፤ ያልመለሰው ካልኩሌተር ካለ ይጠየቃል። የተቋሙን ድረ ገጽ ቁልፍ ይዞ የሚሄደው ሰው ግን ይህን የሚጠይቀው ክፍል የለም። ካልኩሌተሩ ተመዝግቧል፤ የአሥር ዓመት ሰነድ የያዘው ሰርቨር አልተመዘገበም።

ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ክፍያው ነው። የውጭ ዶሜይንና ሆስቲንግ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ይከፈላል። ያ ካርድ የሌለው ባለሙያ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ይለምናል። ዘመድየው በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ ይከፍላል። ሥራው ቶሎ ይሳካል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። በወረቀት ሲታይ ግን የዚያ ጋዜጣ ወይም የዚያ ማኅበር ስም ባለቤት ባሕር ማዶ ያለው የአክስት ልጅ ነው። እሱ ካርዱን ሲቀይር ወይም ስልኩን ሲለውጥ የእድሳት ማስታወሻው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይሄዳል። በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው የዶት ኢቲ ስምም ቢሆን በተቋሙ ስምና በሚሠራ አድራሻ ካልተመዘገበ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

ሁለተኛው ምክንያት የባለሙያው አያያዝ ነው፤ እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ቁልፉን እንደ መያዣ ይዘው የሚደራደሩ ድረ ገጽ ሠሪዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ለምን እንደሚይዙትም ግን እንጠይቅ። የሠሩበት የመጨረሻ ክፍያ አልተለቀቀም። ከርክክብ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በእኩለ ሌሊት «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ እያት፣ አልከፍት አለች» ተብሎ ሲደወልላቸው የሠሩት በነፃ ነው። ጨረታው ላይ «ድረ ገጽ ማበልጸግ» የሚል መስመር አለ፤ «በየወሩ መጠበቅ» የሚል መስመር የለም። የጥበቃውን ደመወዝ ያልበጀተ ተቋም በሩ ክፍት ሆኖ ሲያድር ሊደነቅ አይገባም።

«ታዲያ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል? ፌስቡክና ቴሌግራም አለ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህንንም የምታነቡት በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ መድረኩን አላጣጥልም። ፈጣን ነው፣ በነፃ ነው፣ ሰው ያለው እዚህ ነው። ነገር ግን የተከራየነው ቤት እንኳ አይደለም፤ በእንግድነት የገባንበት ነው። ባለቤቱ ደንቡን ቢለውጥ፣ ገጹ ቢዘጋ፣ የአስተዳዳሪው ስልክ ቢሰረቅ ይግባኝ የምንልበት ቅርብ ቦታ የለም። ማይስፔስ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ 2015 የተጫኑ ሙዚቃዎች ሰርቨር ሲዛወር እንደጠፉ ሲያሳውቅ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈኖች አብረው ጠፉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም፤ «እዚያ አለ» ብለው ነበርና።

«ክላውድ ላይ ነው፤ አይጠፋም» የሚሉም አሉ። ክላውድ የሚባለውም በሆነ አገር፣ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ያለ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወደመ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ከአገልግሎት ወጡ። ባክአፓቸው በሌላ ቦታ የነበረላቸው ተመለሱ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረባቸው ከሳሹም ተከሳሹም ዐመድ ሆነባቸው። ባለሙያዎች «3-2-1» የሚሉት ደንብ ከዚህ ይጠብቃል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። አያቶቻችን እህሉን በአንድ ጎተራ ብቻ የማያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

በፍሪላንስ የምሠራ ጋዜጠኛ እንደመሆኔ ጉዳዩ እኔንም ይነካኛል። የሥራ ማስረጃዬ ሊንክ ነው። ባለፉት ዓመታት ከጻፍኳቸው ዘገባዎች ዛሬ የማይከፈቱ አሉ። ሚዲያው አልተዘጋም፤ አዲስ ገጽ አሠራ። የቀድሞዎቹን አድራሻዎች ወደ አዲሶቹ የሚመራ ቅንብር ስላልገባ የቆየው ሁሉ 404 ሆነ። የእኔ ሲቪ ቢጎድል አገር አይጎዳም። እዚያ ዘገባ ላይ ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች፣ ኃላፊው በዚያ ቀን የገባው ቃል፣ የዚያን ዓመት የጤፍ ዋጋ ግን አብረው ሄደዋል። ባለሥልጣን «እንዲህ አላልኩም» ሲል አንሥተን የምናሳየው ምንድን ነው?

ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ልናገር። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ልዩነቱ ሌላው ዘንድ የታተመ ቅጂ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምንጭ መኖሩ ነው። በአማርኛ በድረ ገጽ ብቻ የወጣ ጽሑፍ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም። የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭም ሁሉን አይደርስበትም።

ታዲያ ደብተሩ ምን ይመስላል? ውድ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። አራት ነገር ይበቃዋል።

1. ስሙ፦ ዶሜይኑ በማን ስም ተመዘገበ፣ መቼ ያልቃል፣ ማስታወሻው ወደየትኛው ኢሜይል ይመጣል፣ ክፍያው ከየት ይወጣል። ኢሜይሉ የግለሰብ ሳይሆን የተቋሙ ይሁን።

2. መግቢያው፦ ሰርቨሩ የት ነው፣ ለማን ለማን መግቢያ ተሰጥቷል፣ የለቀቀው ሰው መግቢያ በየትኛው ቀን ተዘጋ። የይለፍ ቃሉ ራሱ እዚህ አይጻፍም። «ደብተር ከተጻፈ ይሰረቃል» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው፤ ደብተሩ ቁልፉን አይዝም፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይናገራል።

3. መጠባበቂያው፦ ባክአፑ የት የት አለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠር።

4. ለውጡ፦ በየቀኑ የተነካው ነገር ሁሉ። ቀን፣ ማን፣ ምን፣ ለምን። «ለምን» የሚለው ከሁሉም ይበልጣል፤ ተተኪው ሰው የቀድሞውን ሥራ በስህተት እንዳያፈርስ የሚከለክለው እሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአለቆች ድርሻ ይመጣል። ድረ ገጽ ሲያሠሩ የጥበቃውን ወጪ በዓመታዊ በጀት ይያዙ። ርክክቡን በንብረት መዝገብ ያስገቡት። ባለሙያው ሲለቅ «ከዕዳ ነፃ» የሚለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ የድረ ገጹ መግቢያና ደብተር ተረክበናል። የባለሙያዎችም ድርሻ አለ። ደብተሩን መጻፍ ለተተኪ መንገድ መጥረግ ነው፤ እንጀራን አይነጥቅም። ለምን እንደተከፈለው በጽሑፍ ማሳየት የሚችል ባለሙያ የጥበቃ ክፍያ ሲጠይቅ ቃሉ ይከብዳል።

እኛ ጋዜጠኞችም ከዚህ አንቀርም። የምረቃ ዜና ስንሠራ «ስንት ፈጀ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ ጋር ሦስት ጥያቄ እንጨምር፦ ስሙ በማን ነው የተመዘገበው? ባክአፑ መቼ ተሞከረ? የቀድሞው ገጽ ሰነዶች የት ገቡ? መልስ የሌለው ኃላፊ ቢያንስ ወደ ቢሮው ተመልሶ ይጠይቃል።

የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሱቅ ድረ ገጽ ካለው ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ስማችን የሚያልቀው መቼ ነው?» ቀኑን ወዲያው የሚነግራችሁ ሰው ካለ አመስግኑት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ከተያየ ግን ደብተር ግዙና የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ።